ወንዙ ወረደ

«ያራድ» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል የተማርኩት ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። እናቴ ስኳር ነበረባት። በየወሩ ደሟን ሲለኩት የነርሷ ፊት ከፈካ «ሀሱካር ያራድ» እንባላለን፤ ስኳሩ ወርዷል ማለቷ ነው። ልጄን ትኩሳት ሲያንገበግበው አድሮ ጠዋት ሲቀለው ደግሞ «ሀሖም ያራድ» ይሉናል፤ ትኩሳቱ ወርዷል። በእኛ ቤት «ያራድ» የምሥራች ነበር። እኔም ይህን ቃል አውቄዋለሁ ብዬ መዝገቡን ዘጋሁ።

ያ ቃል አባቴን ሊነጥቀኝ የደረሰበትን ቀን ነው የማወራችሁ።

በዚያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቤርሼቫ፣ ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና አባቴ። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሥራዬ ኤመቅ ሳራ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ ነበር። «ኤመቅ» ሸለቆ ማለት ነው፤ ነገር ግን እዚያ ሸለቆ የሚመስል ነገር ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ቆርቆሮ ጣሪያና የጭነት መኪና ብቻ ነው። ስሜ ትርንጎ ነው። መጋዘን ውስጥ ማንም ሊጠራው ስላልቻለ ቲና ሆንኩ።

ከጎንደር ስንመጣ አሥራ አራት ዓመቴ ስለነበር ዕብራይስጡን ትምህርት ቤት ተማርኩት። የቤቱ አፍ እኔ ሆንኩ። ባንክ ቢሆን፣ ሐኪም ቢሆን፣ ማዘጋጃ ቤት ቢሆን የምናገረው እኔ ነኝ። ደግሞ ችኩል ነኝ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ሙሉ ለአባቴ ሲያስረዳ ይቆይና አባባ ወደ እኔ ዞረው «ምን አለ?» ይላሉ።

«ምንም። ደህና ነዎት ነው የሚለው።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ደህና ነህ እያለ ነው?»

«አዎ አባባ። እንሂድ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል።»

አባቴን መኳንንት ይሏቸዋል። ጎንደር ሳለን፣ መገጭ ወንዝ ዳር፣ ሰዉ የሚያውቃቸው «አሻጋሪው መኳንንት» በሚል ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ገበያ የሚሄደውንም፣ ለቅሶ የሚደርሰውንም እጁን ይዘው የሚያሻግሩት እሳቸው ነበሩ። የሞላ ወንዝ ዳር ቃል አይሰማም። ስለዚህ ወዲያ ማዶ ላለው ሰው የሚናገሩት በእጃቸው ነው፤ አንድ እጅ ወደ ታች ከተወዛወዘ «ና»፣ ሁለት እጅ ከራስ በላይ ከተጣመረ «ካለህበት ንቅንቅ አትበል»። ልጆቼ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ለሶፋ ሲጫወቱ ይህንን ምልክት ይጠቀሙበታል። እዚህ አገር ከመጣን በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠና አሻጋሪዋ እኔ ሆንኩ፤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ።

ከአሮጌው ከተማ በታች ሰፊ የወንዝ መውረጃ አለ። ወንዝ ይበሉት እንጂ ዓመቱን ሙሉ ከጠጠር፣ ከአሸዋና ከሸምበቆ በቀር ምንም የለበትም። በላዩ ቱርኮች ከመቶ ዓመት በፊት፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ለባቡር ብለው የሠሩት የድንጋይ ድልድይ ተጋድሟል፤ ቅስት በቅስት የሆነ ረጅም ድልድይ። ሐዲዱ ተነቅሎ ከሄደ ቆይቷል። የዚያን ሰሞን አንድ ሥራ ተቋራጭ የድልድዩን እግር እየጠገነ ነበርና አባቴ የቀን ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ። ወንዙ ዳር በቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሦስተኛው ቅስት ሥር ደግሞ የሠራተኞቹ መሣሪያ ያለበት የብረት ሳጥን አለ። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራቸው ስለነበር ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን አስተኩሰው ነው የሚወጡት።

አለቃቸው አቡ ኻሊድ ይባላል፤ በከተማዋ አቅራቢያ ካለ መንደር የመጣ ጎልማሳ በደዊ አረብ ነው። የአያቱ አባት ለዚህ ድልድይ ድንጋይ በግመል ያመላለሰ መሆኑን ለሰው ሁሉ ይናገራል። ያን ጊዜ ይህ ሸለቆ እንቅልፍ አልነበረውም ይላል፤ ባቡሩ፣ ለባቡሩ ውሃ የሚስበው ሞተር፣ የቀጥቃጮቹ መዶሻ፣ ከየበረሃው እህል የጫነ ግመል። አባባ ዕብራይስጡ ባይገባቸውም እኔ ቆራርጬ ከነገርኳቸው በኋላ ድልድዩን እንደ ዘመድ ያዩት ጀመር።

አንድ ቀን ምሳ ላደርስላቸው ሄጄ፣ «ለዚህ ደረቅ ቦይ ይህን ሁሉ ቅስት! ቱርኮቹ ድንጋይ ተርፏቸው ነበር መሰለኝ» ብዬ ቀለድኩ።

አባባ አልሳቁም። «ድልድይ ለሚታይ ውሃ አይሠራም» አሉ። «ቅስቱን ቁጠሪው። ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ነው የሚነግርሽ።»

እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር። «እሺ» ብያቸው ሄድኩ።

ከዚያ በጥር ወር ሁለት ቀን ዘነበ። መውረጃው መሐል ቀጭን ውሃ መሄድ ጀመረች። አቡ ኻሊድ ሠራተኞቹን በተናቸውና «እኔ ሳልፈቅድ ማንም ሰው ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ» አለ፤ አባቴ ብቻ ለጥበቃ ቀሩ። የአባባ ሐሳብ ሳጥኑ ነበር። እሳቸው ከዳር፣ ሳጥኑ ከውሃው ማዶ። ሲነጋም ሲመሽም «ሰውየው ምን አለ? ጎደለ?» ይሉኛል።

«አላለም አባባ።»

«ውሃዋ እኮ ቁርጭምጭሚት አታርስም። ግን አለቃ አትግባ ብሏል። ሳይፈቅድ አልገባም።»

አቡ ኻሊድና አባቴ የጋራ ቋንቋ ስለሌላቸው መልእክት የሚደርሰው በእኔ ስልክ ነው። ሐሙስ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ከቁርስ ዕረፍት በፊት፣ ሣጥን እየደረደርኩ ሳለ ስልኬ ነዘረ። አቡ ኻሊድ ነው። ንፋስና የመኪና ሞተር ድምፁን ይቆራርጡታል።

«ቲና፣ ሀዋዲ ያራድ። ታጊዲ ለአባ…» አለ። ወንዙ ወረደ፤ ለአባትሽ ንገሪው። ከዚያ ተቋረጠ።

ደስ አለኝ። ከጠዋት ጭቅጭቅ ተገላገልኩ ብዬ ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ።

«አባባ፣ ወንዙ ጎድሏል።»

«እሱ ነው ያለው?»

«አዎ፣ አሁን ደውሎልኝ።»

 ከበስተጀርባቸው የሆነ ነገር ይሰማ እንደነበር አሁን ሳስበው ይመስለኛል፤ ያኔ ግን አላዳመጥኩም።

«ጎድሏል ነው ያለሽ?»

«አባባ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ጎድሏል። ይሻገሩና ሳጥንዎን ያውጡ።»

«እሺ ልጄ» አሉ። «አንቺ ካልሽ።»

እንግዲህ ልብ በሉ። «ይሻገሩ» የሚል ቃል ከአቡ ኻሊድ አፍ አልወጣም። የተቋረጠውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ያን ቃል ወርውሬ ወደ ሣጥኖቼ ተመለስኩ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ለዕረፍት ወጣን። የፈረቃችን ኃላፊ ሲማ ትባላለች፤ እዚሁ ቤርሼቫ ተወልዳ ያረጀች፣ አፏ የሚሳደብ ልቧ የሚያበላ ሴት። ማን እንደደወለልኝ ጠየቀችኝ።

«የአባቴ አለቃ ነው። ሀዋዲ ያራድ አለኝ። ባሩኽ ሀሼም» አልኳት፤ ተመስገን ማለቴ ነው።

ሲማ ቂጣዋን እንደያዘች ቆመች። «ምን ባሩኽ ሀሼም ያስብላል? አባትሽ የት ነው ያለው?»

«ወንዙ ጋ። ጠባቂ ነው።»

«እና ‹ሀዋዲ ያራድ› ሲሉሽ ምን መሰለሽ?»

«ውሃው ወረደ። ቀነሰ።»

ቂጣዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቲና፣ የኔ ማር፣ ዋዲ ወረደ ማለት ውሃው ከተራራ ወርዶ መጣ ማለት ነው። ሺታፎን። ጎርፍ። እዚህ ደመና የለም ብለሽ አትይው፤ ኬብሮን ተራራ ላይ ሲዘንብ አድሯል። ለአባትሽ ምን አልሽው?»

 ለአባቴ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሲማ ሽርጤን ከጀርባዬ ፈትታ ጣለችውና የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። «ቦኢ» አለችኝ፤ ነዪ።

ከኤመቅ ሳራ እስከ ድልድዩ በመኪና ሩቅ አይደለም። በዚያን ቀን ግን ጎንደር የሚደርስ መንገድ ሆነብኝ። የጭነት መኪና ከፊታችን እየተንፏቀቀ ነበር። ሲማ ጥሩምባዋን ትነፋለች፣ ትሳደባለች፤ እኔ እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ አይነሳም። አባቴ ስልካቸውን ከቆርቆሮዋ ቤት ግድግዳ ላይ ሰክተው የመተው ልማድ አላቸው። ስልኩን ጥለው ከወጡ ደግሞ የወጡት ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ። የላክኋቸው እኔ ነኝ።

በመሐል አቡ ኻሊድ ደወለ። «ወጣ? አባትሽ ወጣ?» አለኝ ገና ሳልናገር። «እኔ ከላይ በኩል ነኝ፣ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦብኛል። ከእኔ ጋ ተነስቶ ድልድዩ ጋ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። ነግረሽው ወጥቷል አይደል?»

ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ሰዓቱን አየሁ። ሠላሳ አምስት ሆኗል።

«ቲና? ምን አልሽው?»

«ተሻገር አልኩት» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

አቡ ኻሊድ በአረብኛ የሆነ ነገር አለና ዘጋው። የእሳት አደጋ ሰዎችን እየጠራ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

መኪናው ሳይቆም ወረድኩ። ከማየቴ በፊት ሰማሁት። መገጭን ልጅ ሆኜ ነው የተለየሁት፣ ድምፁን ግን ሰውነቴ አልረሳውም፤ ከመሬት ሥር የሚወጣ ጉርምርምታ ነው። ሮጬ ዳሩ ላይ ስደርስ ያ ደረቅ ቦይ የለም። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ውሃ ነው፤ ከነሥሩ የተነቀለ ሸምበቆ፣ የፕላስቲክ በርሜል፣ የአንድ ቤት በር እየተገለባበጠ ያልፋል። ቆርቆሮዋ ቤት ውስጥ ስልክ ይጮኻል። የሚደውለው የእኔው ስልክ ነው፤ እጄ ሳላውቀው ተጭኖት ነበር።

ዳሩ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የአባቴ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ካልሲው ተጠቅልሎ ውስጡ ገብቷል። ወንዝ የሚሻገር ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሲማ ናት የነገረችኝ። «አባባ» እያልኩ ወደ ውሃው ቁልቁል መውረድ ጀመርኩ። አለቅስ ነበር፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ሲማ ከኋላ ልብሴን ይዛ ትጎትተኛለች፤ እኔ ግን ከእሷ እበረታለሁ። አንድ እግሬ ውሃ ነክቷል። በዚያን ጊዜ ቀና ስል አየኋቸው።

ሦስተኛው ቅስት ላይ፣ ምሰሶው ከእግሩ በኩል ወጣ ያለ የድንጋይ እርከን አለው፤ እዚያ ላይ ባዶ እግራቸውን ቆመዋል። ውሃው እርከኑን እየላሰ ነው። በቀኝ እጃቸው ድንጋዩ ውስጥ የተቀበረ የዛገ የብረት ቀለበት ይዘዋል። ቱርኮቹ ለምን እንደተከሉት አላውቅም፤ ለገመድ ይሆናል፣ ለግመል ይሆናል። እኔ ስወርድ ሲያዩኝ ቀለበቱን ለቀቁት። ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አነሱና አጣመሩት።

ካለሽበት ንቅንቅ አትበይ።

ደረቅሁ። እጃቸውን እስኪመልሱና ቀለበቱን እስኪይዙ ድረስ ያለችው ጊዜ ስንት እንደነበረች አላውቅም። አንዴ ተንገዳገዱ፣ ጀርባቸው ምሰሶውን መታው፣ ከዚያ ያዙት። እግሬን ከውሃው አወጣሁ። እኔም ሁለት እጄን አጣምሬ አሳየኋቸው፤ ሰምቻለሁ ለማለት። እንዲህ ዓይነት የመልስ ምልክት መገጭ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም።

የእሳት አደጋ ሰዎች እስኪደርሱ ድረስ የማደርገው ስላልነበረኝ ድንጋይ ቆጠርኩ። ምሰሶው በረድፍ በረድፍ የተጠረበ ድንጋይ ነው። ከአባቴ እግር ጀምሮ እስከ አንገታቸው ድረስ ሰባት ደረቅ ረድፍ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ስድስት ሆነ። አምስት ሲሆን ውሃው ጉልበታቸውን ዋጠ። ሲማ እጄን ይዛ መዝሙረ ዳዊት ታነበንባለች። አራት ሲሆን እኔ ቁጥሩን አቆምኩ፤ ሌላ ነገር አሰብኩ፤ እናቴን ምን እላታለሁ ብዬ። ከሞተች ሁለት ዓመት የሆናትን ሰው።

ሰዎቹ መጡ። አለቃቸው ውሃውን አየና ጀልባ አይሆንም አለ። ድልድዩ ላይ ወጥተው ገመድ ከቅስቱ ጫፍ ቁልቁል ለቀቁ፤ አንድ ወጣት ታስሮ መውረድ ጀመረ። አቡ ኻሊድ ዞሮ በሌላ መንገድ ደርሶ ስለነበር ድልድዩ ላይ በደረቱ ተኝቶ እጁን ወደ ታች እያወናጨፈ አቅጣጫ ያሳያል። ልጁ አባቴ ጋ ሲደርስ ሊያቅፋቸው ሞከረ። አባቴ እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገመዱን ተቀብለው መጀመሪያ በብብታቸው ሥር አዙረው፣ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ስበው ፈተሹት። ከዚያ ነው ቀለበቱን የለቀቁት። ድንጋዩን እየተፈገፈጉ ሲወጡ ውሃው ወገባቸው የነበረበትን ረድፍ ጭምር ውጦት ነበር።

ድልድዩ ላይ ሳገኛቸው ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ጉልበታቸው ሥር ወደቅሁ። የመጀመሪያ ቃላቸው «ያን ሁሉ ጊዜ ስጎትተው ደረሰብኝ፤ ሳጥኑ ሄደ» የሚል ነበር።

ሆስፒታል ወሰዱን። ሙቅ ብርድ ልብስ አልብሰው ካስተኟቸው በኋላ አንዲት ነርስ መጣችና ወደ እኔ ዞራ «ኤፎ ኮኤቭ ሎ?» አለችኝ፤ የት ጋ ነው የሚያመው? አፌን ከፈትኩ። «ሀኮል ቤሴዴር፣ በርዶት ነው እንጂ ደህና ነው» ልላት ምላሴ ላይ ደርሷል። ከዚያ ተውኩት።

«አባባ፣ የት ጋ ያምዎታል? ብላ ነው የምትጠይቅዎ።»

ገረማቸው መሰለኝ፣ አዩኝ። «ግራ ጎኔን» አሉ። «ይህ ግን የዛሬ አይደለም። ከፋሲካ ወዲህ ነው።»

ከፋሲካ ወዲህ አራት ጊዜ ሐኪም ጋ ይዣቸው ሄጃለሁ። አራቱንም ጊዜ ስለ እሳቸው የመለስኩት እኔ ነኝ።

ነርሷ ስትሄድ እጃቸውን ያዝኩ። ይቅርታ ማለት አቃተኝ፣ አለቀስኩ። ቃሉን እንዳሳሳትኩት፣ ጎርፉ መጣ መባሉን ጎደለ ብዬ እንደነገርኳቸው ነገርኳቸው። 

«ሰምቼው ነበር እኮ» አሉ።

«ምኑን?»

«ወንዙን። አንቺ ስትደውዪ እየመጣ ነበር። ገና ሩቅ ነው፣ ግን መሬቱ ያጉረመርም ነበር። ይህስ የደራሽ ውሃ ድምፅ ነው አልኩ በልቤ።»

«ታዲያ ለምን ገቡ?»

ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ። «አንቺ ጎድሏል አልሽኝ። የዚህ አገር ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ። የኔ ጆሮ አርጅቶ ይሆናል፣ ወይም የዚህ አገር ወንዝ ድምፁ ሌላ ይሆናል አልኩ። እኔ እዚህ የማውቀው ነገር የለም ብዬ ነው።»

ውሃው ውስጥ የገባሁ ያህል በረደኝ። እኒህ ሰው በመገጭ ወንዝ ስንቱን ነፍስ ያሻገሩ ናቸው። የገዛ ጆሯቸውን እንዳያምኑ ያደረግኋቸው በዚያች ሐሙስ ቀን ብቻ አይደለም። «ይቆዩ አባባ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» እያልኩ፣ በየመስኮቱ፣ በየወንበሩ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያደረግሁት ነው።

ወደ ማታ አቡ ኻሊድ ብርቱካን ይዞ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ እሱም «ጥፋቱ የእኔ ነው» ባይ ነው፤ «መንገድ ላይ ሆኜ አጭር ቃል ተናገርኩ» ይላል። በዕብራይስጥ «እኛ ዋዲው ወረደ ነው የምንለው። ከተራራ ካልወረደ ከየት ሊመጣ ነው?» አለኝ። ይህንን ቃል በቃል፣ ምንም ሳልጨምር፣ ለአባባ ተረጎምኩላቸው።

አባባ ከትራሱ ቀና አሉ። «‹ወረደ› ነው ያለሽ?»

«አዎ። ወንዙ ወረደ።»

«‹ጎደለ› አላለሽም?»

«አላለም። እኔ ነኝ።»

«እኛስ ምን እንላለን? ጎርፍ ወረደ፣ ደራሽ ወረደ አይደለም የምንለው? ሰውየው እንደ አገሬ ሰው ነው የተናገረው። ያለውን እንዳለ ብትሰጪኝ ኖሮ ጫማዬን አላወልቅም ነበር።» ከዚያ ወደ አቡ ኻሊድ ዞረው እጃቸውን ከላይ ወደ ታች እያጣደፉ «ያራድ» አሉት፣ በራሳቸው አፍ። አቡ ኻሊድም እጁን እንደዚያው እያደረገ «ያራድ፣ ያራድ» አለ። ሁለቱ ሰዎች አልጋ ላይና ወንበር ላይ ሆነው በእጃቸው ጎርፍ እያወረዱ ሳቁ። ለካስ ተግባብተው ኖሯል፤ መሐላቸው የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ይህን የምታነቡልኝ እናንተ፣ በተለይ ለእናት ለአባታችሁ የምታስተረጉሙ ልጆች፣ ልምከራችሁ ብዬ አይደለም፤ ራሴም ገና አልዳንኩም። አሁንም አንዳንዴ ቸኩዬ «ምንም አላለም» ማለት ያምረኛል። ግን ያችን ሐሙስ አስባለሁ። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ከተናገረ አሥር ደቂቃ እናገራለሁ፤ አባባ ከጠየቁ ጥያቄያቸውን እጠይቃለሁ፣ እኔ መልሱን ባውቀውም። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ይንጫጫል። ይንጫጫ።

ሥራ ተቋራጩ ድልድዩን ጠግኖ ጨርሷል። አቡ ኻሊድ አሁን ሌላ ቦታ ነው የሚሠራው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን አሁንም ለአባቴ ይደውላል፣ በእኔ ስልክ ሳይሆን በራሳቸው። ምን እንደሚባባሉ እኔ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ፀሐያማ ዓርብ፣ ልጆቼንና አባባን ይዤ ወንዙ ዳር ሄድኩ። ወንዙን አቋርጦ ወደ ማዶው መጫወቻ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። መውረጃው ደረቅ ነው፣ አቧራ ይቦናል። ልጆቹ ሊሮጡ ሲሉ አባባ ቆሙ። አንገታቸውን ዘመም አደረጉ።

«የሆነ ነገር ይሰማኛል» አሉ።

እኔ የሰማሁት የመኪና ድምፅ ብቻ ነው። ትልቁ ልጄ ተነጫነጨ። «ሳባ፣ ኤን ማይም» አላቸው፤ አያቴ፣ ውሃ እኮ የለም።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ፣ እንደ ድሮው፣ የእኔን ቃል ሊጠብቁ። ጫማዬን አላወለቅሁም፣ ሰዓቴንም አላየሁም። ዳሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ልጆቹን አጠገቤ ሳብኳቸው።

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ምንም አልመጣም። አንድ ሰው በብስክሌት ተሻገረ፣ አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ ተሻገረች። ልጆቹ ጠጠር እየወረወሩ አኮረፉኝ።

«ተሳስቼ ይሆናል» አሉ አባባ በመጨረሻ።

«ይሁን» አልኳቸው። «እርስዎ ሲሉ እንሻገራለን።»

ደግመው አደመጡ። ከዚያ አንድ እጃቸውን አንስተው ወደ ታች አወዛወዙት።